የአያቴ ጠገራ ብርና የኔ ብልጭልጭ

አያቴ ባቲ ነው ያደገችው፣ ስትሞት ካንገቷ የማይወርደው ጠገራ ብር ለእናቴ ደረሳት፣ እኔ ደሞ ሰዓሊ ነኝ እያልኩ ስለማወራ ስለሷ የሆነ ነገር መሥራት አለብኝ አልኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ግን እንግሊዛዊው አርቲስት ዴሚየን ኸርስት በፈረንጆቹ 2007 የሠራው፣ 8,601 አልማዝ የተሰካበት የፕላቲነም የራስ ቅል ነው። አልማዝ የለኝ፣ ደሴ ፒያሳ ወርጄ የሠርግ ዲኮር ከሚሸጡት ጋ ግሊተር ገዛሁ።

ወጣት አርጌ ነው የሳልኳት፣ ትከሻዋ ወጣ ያለ፣ ከሹሩባዋ ቅቤው ቀልጦ ወዳንገቷ ሲወርድ። አክስቴ አይታ "አንተ፣ እናቴን እንዲህ ስታረጋት አታፍርም?" አለችኝ፣ ግን እያፈረችም ቆማ ታያለች።

ስህተቴ ቀሚሱን በሙሉ በብልጭልጭ መሙላቴ ነው። ኮላ ውስጥ በጥብጬ በወፍራሙ ለቀለቅኩት፣ ሲደርቅ ደፈዘና የሙሽራ መኪና መሰለ። ኮላውን በስሱ ቀብቶ ከላይ መበተን፣ ከዛ ቦርዱን አጋድሞ የተረፈውን ማራገፍ እንደሚሻል የገባኝ በኋላ ነው። ደሞ ነገሩ አልሙኒየም የተለበጠ ፕላስቲክ ስለሆነ አይበሰብስም፣ ሳምንቱን ሙሉ እንጀራችን ላይ ሳይቀር ሲያብለጨልጭ ነበር፣ እናቴ ልታባርረኝ ምንም አልቀራት።

ሁሉንም ፍቄ ብሩ ላይ ብቻ ተውኩት። ብሩን ለመሳል እጄ ላይ ይዤ ሳገላብጠው ነው 1780 የሚለውን ያየሁት፣ ለካ መልኳ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዛ ወዲህ መቼም ይመታ መቼ የሚቀረጽበት ያው 1780 ነው። በቃ እዛው ቁጭ አልኩ። የሞተች ሴት መልክ ከነሞቷ ዓመት፣ ቅቤ በጠጣ ሙቅ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ስንት ሠርግ ጨፍሯል! እኔ የፈረንጅ የራስ ቅል ሳሳድድ ነገሩ የእናቴ ሳጥን ውስጥ ነበር።

ከስዕሉ ስር አደስ ያለበት የጸጉር ቅቤ በሳህን አስቀመጥኩ። እዚጋ አልተሳሳትኩም፣ ስዕሉን አይታ ያላለቀሰችው አክስቴ ሽታው ላይ አለቀሰች፣ ሦስተኛው ቀን ከርፍቶ አነሳሁት እንጂ።

ቫርኒሹን ግን ረስቼዋለሁ። የቅሬያችን (የእድራችን) ሰብሳቢ መጥተው "ይሄ የውነት ብር ነው እንዴ ልጄ?" ብለው በጣታቸው ፋቅ ሲያረጉት ብልጭልጩ ተነሳ፣ ደንግጬ ሳያቸው "አብሽር" አሉኝና ጣታቸው እያብለጨለጨ ለአያቴ ዱዓ አረጉ።