ከአምፖሉ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ

ኮራል የተባለውን የባሕር እንስሳ በመስታወት ገንዳ የሚያሳድጉ ሰዎች ስለ መብራት ሲነጋገሩ አስቀድመው የሚጠያየቁት የአምፖሉን ዋት ነው። እኔም ከአምፖሉ በላይ የሚታጠፈውን አሉሚኒየም፣ ማለትም ሪፍሌክተሩን፣ ለረጅም ጊዜ ከክዳን ለይቼ አላየሁትም ነበር። ሐሳቤን ያስለወጡኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ የነጡብኝ አክሮፖራ የሚባለው የኮራል ዓይነት ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው።

ገንዳዬ ላይ ቲ5 የሚባሉ አራት ባለ 54 ዋት ቀጫጭን ፍሎረሰንት ቱቦዎች፣ ውስጡ ነጭ ቀለም በተቀባ የእንጨት ክዳን ሥር ይሠሩ ነበር። ቱቦዎቹን ሳልቀይርና ከፍታቸውን ሳልነካ ለእያንዳንዳቸው የተወለወለ ሪፍሌክተር ገጠምኩላቸው፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታው ስላልጨመረ ብርሃኑም ያን ያህል አይጨምርም ብዬ አስቤ ነበር። ኮራል ግን ዋት አይቆጥርም። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ አልጌዎች ምግብ የሚሠሩት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ብርሃን ሲሆን፣ ይህ ብርሃን በድንገት ሲበዛ ኮራሉ አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል።

ቱቦ ብርሃኑን የሚረጨው በዙሪያው ሁሉ ስለሆነ ግማሹ ገና ከመነሻው ወደ ላይ ይሄዳል። ነጭ ቀለምም ቢሆን ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ነገር ግን የሚመልሰው በየአቅጣጫው በትኖ ነውና ከፊሉ ቱቦው ላይ ተመልሶ ያርፋል፣ ከፊሉም ወደ ሳሎን ይወጣል። የተወለወለ አሉሚኒየም ግን ጨረሩን በመጣበት ማዕዘን ልክ ስለሚመልሰው፣ ብርሃኑ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የቆርቆሮው አጣጠፍ ይሆናል። ልጅ ሳለን ከኩራዝ ጀርባ የተቀደደ ጣሳ አቁመን ስናጠና፣ ጣሳውን ጎበጥ ስናደርገው ደብተሩ ላይ ያለው ብርሃን ይሰበሰብልን ነበር፤ ነገሩ ያው ነው።

ተራው የተወለወለ አሉሚኒየም 85 በመቶ አካባቢ፣ ለመብራት ተብሎ በልዩ ሽፋን የሚሠራው ደግሞ 95 በመቶ ገደማ ያንጸባርቃል። እኔ ግን ከዚህ ልዩነት ይልቅ ለቅርጹ የበለጠ ዋጋ እሰጣለሁ። ከቱቦው በላይ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ቢደረግ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣው ጨረር ተመልሶ ያንኑ ቱቦ ይመታል። ስለዚህ ጥሩ የቲ5 ሪፍሌክተር ከቱቦው አናት ላይ ወደ ታች የሾለ ሸንተረር አለው፤ ሸንተረሩ ጨረሩን ለሁለት ገምሶ በቱቦው ግራና ቀኝ ያሳልፈዋል። የቲ5 ውፍረት 16 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑም ይረዳል፤ 38 ሚሊሜትር የነበረው አሮጌው ቲ12 የራሱን ብርሃን ይበልጥ ይጋርድ ነበር።

ሜታል ሃላይድ በሚባለው ኃይለኛ አምፖል ላይ ጣጣው ሌላ ነው። ብርሃኑ የሚፈልቀው ከጠባብ ቦታ ስለሆነ ሪፍሌክተሩ እንደ ልቡ ይመራዋል፤ ሲበዛ ግን አንድ ቦታ ላይ ያከማቸውና መሐል ያለው ኮራል ሲቃጠል ዳር ያለው ይራባል። ሰፋፊዎቹ ሪፍሌክተሮች በብዙ ገጽ የሚታጠፉት ይህን ክምችት ለመበተን ነው። ስለዚህ ሻጭ ከመብራቱ መሐል ለክቶ የሚያቀርበውን አንድ ትልቅ ቁጥር አላምነውም። በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ሳንጄይ ጆሺ ሪፍሌክተሮችን ያነጻጸረው በየርቀቱ ብዙ ነጥቦችን እየለካ ነበር፤ እኔም ኮራሉ የሚጠቀምበትን ብርሃን የሚለካውን መሣሪያ፣ ፓር ሜትርን፣ ተውሼ የገንዳዬን ወለል በዚያው መንገድ ከዳር እስከ ዳር ለካሁት።

ወደ ጎን የሚበተን ብርሃን ሁሉ ይባክናል ማለትም አይደለም። ከቀጥታው መስመር እስከ 60 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ ውኃው ውስጥ የገባ ጨረር የጎኑን መስታወት ሲመታ ወደ ውጭ ከመውጣት ይልቅ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ መስታወቱ ራሱ ሁለተኛ ሪፍሌክተር ይሆናል። ይህ የሚሠራው ግን መስታወቱ ከአልጌ ሲጸዳ ነው።

መብራቱን ከፍ አድርጌ ሰቅዬ በየሳምንቱ ጥቂት ሴንቲሜትር እያወረድኩት ቆየሁ። አንደኛው ቅርንጫፍ መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዚያም ቀድሞ የነበረውን ቀለም መልሶ ያዘ፤ ሁለተኛው ሞተ። አሁን በየወሩ መብራቱን አጥፍቼ ሲቀዘቅዝ፣ ሪፍሌክተሮቹ ላይ የደረቀውን የጨው ሽፋን በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ አነሳለሁ፤ ድሮ ለድስት የምጠቀምበትን የብረት ሽቦ አንዴ ሞክሬው ጭረቱ እስከ ዛሬ አለ።