ስቴንለስ ቦዲ ላይ ዝገት ሲታይ፦ የወተት መኪናዬን እንዴት እንዳጸዳሁት

ስቴንለስ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ተሸወድኩ» ብሎ ነው። ጅማ ውስጥ ወተትና እርጎ የማከፋፍልበት አይሱዙ ላይ ነጥቦቹን ሳይ እኔም ልቤ ድንግጥ አለ። የጭነት ሳጥኑን በስቴንለስ ላሜራ ያሠራሁት አስቤበት ነው። ገንዘቡም ቀላል አልነበረም። የምጭነው ሕፃናት የሚጠጡት ወተት ነው። ቀለሙ እየተላጠ ጥጋጥጉ በሚዝግ ሳጥን ልጭነው አልፈለግኩም። የጅማን ዝናብ ደግሞ የኖረበት ያውቀዋል። ተራ ላሜራ እዚህ ብዙ አይቆይም።

አሁን ሳጥኑ ንጹሕ ነው። እንዴት እንዳጸዳሁትና ምን እንደተማርኩ ልጻፍላችሁ። ባጃጁን፣ ሚኒባሱን ወይም የምግብ መሸጫ ጋሪውን ስቴንለስ ያስለበሰ ሰው እየበዛ ስለሆነ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

በፍልሰታ ጾም የካፌዎች ትእዛዝ ቀዝቀዝ ስለሚል መኪናዋን አቁሜ በደንብ ለማየት ጊዜ አገኘሁ። ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ የእጅ ባትሪ ይዤ የሳጥኑን ጎን ከዳር ወደ ዳር አበራሁበት። ነጥቦቹ የጤፍ ፍሬ የሚያክሉ ናቸው። በጥፍር ሲነኩ ይሻክራሉ። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሳሻቸው ጨርቁ ቡናማ ሆነ፤ ከሥር ያለው ብረት ግን ያበራል። ከአንዳንዶቹ ሥር ዝናቡ ወደ ታች የጎተተው ቀጭን መስመር ይታያል።

የት የት እንዳሉ ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ። ጣሪያው ላይ የሉም። በኋላ በር ማጠፊያ አካባቢና ከኋላ ጎማ በላይ አሉ። ከሁሉም የባሰው ግን ግራ ጎን ከታች በኩል ነው። እዚያ ጋ ሳጥኑ ከተገጠመ በኋላ የአንግል ብረት መወጣጫ ተቆርጦ ተበይዷል። የግራይንደሩ ፍንጣሪ በቀጥታ ያረፈው ስቴንለሱ ላይ ነው። ፍንጣሪ ማለት የጋለ የብረት ቅንጣት ነው፤ ያረፈበት ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል። ከጎማው በላይ ያለውም ከፍሬን የሚወጣው የብረት ብናኝ ነው። የዛገው እንግዲህ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ሌላ ብረት ነበር።

እዚህ ላይ ጅማ ላለ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ቀይ አፈራችን ያሳስታል። ወደ ጂሬን ወጥታችሁ ስትመለሱ መኪናው በሙሉ የዛገ ይመስላል። የአፈሩ ቅላት የመጣው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ማለትም አንዴ ዝጎ ያለቀ ብረት ነው፣ አዲስ ዝገት አይሆንባችሁም። በውኃ ይለቃል። ዝገት ግን በውኃ ብቻ አይለቅም። ጭቃው የሚጎዳው ስንጥቅና መገጣጠሚያ ውስጥ ተጠቅጥቆ እርጥበት ይዞ ሲቆይ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ስቴንለስ ለምን እንደማይዝግ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስቴንለስ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብረት ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ብረቱን የሚጠብቀው እሱ ነው። ቢጫር እንኳ አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይጠግናል። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሬርሊ በ1913 እ.ኤ.አ. ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ይህን ዓይነት ብረት ካቀለጠ ወዲህ ማንኪያውም፣ የወተት ታንኩም፣ የሆስፒታል ዕቃውም የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ሽፋኑ ሁለት ጠላት አለው። አንዱ አየር ማጣት ነው፤ ጭቃ፣ የወፍ ኩስ፣ የዛፍ ሙጫ ሲሸፍነው ማለት ነው። ሁለተኛው ክሎራይድ ነው፤ ጨውና በረኪና ውስጥ ያለው።

ነገሩ የእኛ አገር ሥራ ጉድለት ብቻ እንዳልሆነ ሳውቅ ትንሽ ተጽናናሁ። ቴስላ ሳይበርትራክ የተባለውን ቀለም የሌለው የስቴንለስ መኪና ለደንበኞች ማስረከብ የጀመረው በኅዳር 2016 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ አሜሪካ ውስጥ ባለቤቶቹ ከዝናብ በኋላ ብርቱካናማ ነጥብ አየን ማለት ጀመሩ። ከኩባንያው መሐንዲሶች አንዱ የሰጠው ማብራሪያም ይኸው ነው፤ ላዩ ላይ ያረፈ ብረት ነው፣ ይጸዳል። የመኪናው መመሪያ ራሱ የወፍ ኩስ፣ የሞተ ነፍሳት፣ የዛፍ ሙጫና ሬንጅ ሳይውል ሳያድር ይነሣ ይላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ዴሎሪያን የሚባል መኪና ነበር። ከ1981 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የተመረተ፣ ውጭው በአብዛኛው 304 በሚባለው ስቴንለስ የተለበጠ። ዛሬም ቆዳው የሚያበራ ብዙ አለ። ባለቤቶቹን የሚያስጨንቃቸው ከሥር ያለው የተራ ብረት ሻንሲ መዛጉ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ እኔም ከመኪናዋ ሥር ገብቼ አየሁ። የአይሱዙው ሻንሲ ሳጥኑ በተቀመጠበት መስመር መዛግ ጀምሮ ነበር። አስፍቄ ፀረ ዝገትና ቀለም አስቀባሁት። ስቴንለሱን ብቻ የሚያይ ሰው ይሄ ያመልጠዋል።

ወደ ጽዳቱ ልምጣ።

ላቫጆ ወስጄ ጭቃውን በውኃ ካስነሣሁ በኋላ አንዱ ልጅ የድስት ማጠቢያ ሽቦ ይዞ መጣ። «እትዬ፣ በዚህ ወዲያው ይለቃል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይለቃል። ግን ያ ሽቦ ራሱ ተራ ብረት ነው። አንዱን ነጥብ ሲያነሣ መቶ አዲስ ቅንጣት ትቶ ይሄዳል። «የኔ ወንድም፣ ተወው፣ በጨርቅ ይበቃል» ብዬ አስቆምኩት። የሰፈራችን ባለሙያ ጋሼ ደግሞ «ልጄ፣ ሎሚና ጨው ነው መድኃኒቱ» አሉኝ። ግማሹ ልክ ነው። ሎሚው ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ዝገት ያነሣል። ጨው ግን ስቴንለስ ላይ ፈጽሞ መድረስ የለበትም። ይህን ስነግራቸው «እንዲህ ነው እንዴ?» ብለው አዳመጡኝ። ኋላ በሥራውም አግዘውኛል።

እኔ የተጠቀምኩት ኬክ ቤቶች የሚገዙትን የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ከ50 እስከ 100 ግራም ይሟሟል። ፋብሪካዎችም ስቴንለስን ከብረት ብናኝ ለማጽዳት በዚሁ መጠን የሚጠቀሙበት ዘዴ አላቸው፤ በተራ ሙቀት ቢያንስ 20 ደቂቃ ያቆዩታል። ጥላ ውስጥ መሥራት ግድ ነው። ፀሐይ ላይ ከሆነ ይደርቅና አዥጎርጉሮ ይቀራል። ጓንትና መነጽር አደረግኩ። አስቀድሜ በፈሳሽ ሳሙና አጥቤ ቅባቱን አስለቀቅኩ፤ ቅባት ካለ አሲዱ ብረቱ ጋ አይደርስም። ከዚያ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነክሬ ነጥቦቹ ላይ ለጠፍኩትና እንዳይደርቅ እየደጋገምኩ አረጠብኩት። ሳነሣው አብዛኛው ነጥብ ጨርቁ ላይ ነው። የቀረውን በአዲስ የናይለን ማሻሻ፣ የብረቱን መስመር ተከትዬ አሸሁ።

የመስመሩ ነገር ጠንከር ተብሎ መያዝ አለበት። ብሩሽድ የሚባለው (እንደ መስታወት ያልተወለወለው) የስቴንለስ ላሜራ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ቀጭን መስመር አለው። ተጠግታችሁ በሰያፍ ካያችሁት ይታያል። ማሻሻው ሁልጊዜ በዚያ አቅጣጫ ይሂድ። አንዴ ክብ እየሠራችሁ ካሻችሁ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ያ ክብ ይታያችኋል፤ የሚያጠፋው ላሜራውን በሙሉ መልሶ መፈግፈግ ብቻ ነው።

ሲያልቅ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በባልዲ ውኃ አሟሙቼ አለበስኩት፣ ከዚያ በብዙ ውኃ አጠብኩት፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቅኩት። አሲዱ ወደ አልሙኒየም ጠርዞችና ወደ ዚንክ ነክ ብሎኖች እንዳይፈስ በፕላስቲክ መሸፈን ይሻላል። ያበላሻቸዋል። እልኸኛ ለሆነ ነጥብ ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት ማጽጃ የበለጠ ይሠራል። እሱ ግን መርዝ ነው። ወተት የሚነካ ቦታ ላይ እኔ አልሞከርኩትም።

ውጭው እንዲህ ጸዳ። ያሳዘነኝ ውስጡ ነው።

የሳጥኑ ወለል ጥግ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቁር ቀዳዳዎች አገኘሁ። እነዚህ በጨርቅ አይነሡም። መርፌ አስገብቼ ሞከርኩ፣ ጫፉ ይያዛል። ምክንያቱ በረኪና ነው። ወተት ሲፈስ እንዳይሸት ተብሎ ወለሉ በበረኪና ይጸዳና ጥጉ ላይ ያቆራል። ንጽሕና የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ማንንም አልወቅስም። ግን ክሎራይድ ሽፋኑን አንድ ነጥብ ላይ ከበሳው በኋላ ዝገቱ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ውስጥ ይቆፍራል። ላዩ ትንሽ መስሎ ሥሩ ይሰፋል። ስለዚህ አሠራሩን ለወጥን። ወተቱ በመጀመሪያ በለብ ያለ ውኃ ይለቃል፤ በጣም ከፈላ ወተቱን ያጣብቀዋል። ከዚያ በፈሳሽ ሳሙናና በብሩሽ፣ በመጨረሻ በፈላ ውኃ። የግድ በረኪና ካስፈለገ በደንብ ቀጥኖ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ወዲያው ብዙ ውኃ ተደፍቶበት። ጥጉ ላይ ደግሞ ውኃው እንዳያቆር መውጫ ቀዳዳ አስከፈትኩ። ለሳጥኑ ዕድሜ ከማንኛውም ማጽጃ የበለጠ የጠቀመው ይሄ ይመስለኛል።

የብየዳው መስመርም ሥራ ነበረው። ስቴንለስ ሲበየድ ዳርና ዳሩ ሰማያዊና ቡናማ ይሆናል። ብዙ ሰው ያምርበታል ይላል። ያ ቀለም ግን ሙቀቱ ክሮሚየሙን ከላይኛው የብረት ንጣፍ እንደሳበው ምልክት ነው፤ ቀድሞ የሚዝገው እዚያ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በጠንካራ አሲድ ቅባት ያነሡታል። አሲዱ ቆዳ አልፎ አጥንት የሚጎዳ ዓይነት ስለሆነ መንደር ውስጥ አይሞከርም። ጋሼ በአዲስ ዲስክና በስቴንለስ ሽቦ ብሩሽ ቀለሙ እስኪጠፋ አነሡልኝ፣ ከዚያ በሲትሪኩ ደገምነው። ዲስኩም ብሩሹም ተራ ብረት ነክተው የማያውቁ መሆን አለባቸው። ብሩሹን ገዝቼ ራሴ ጋ አስቀምጬዋለሁ።

በር ማጠፊያው ላይ የነበሩት ብሎኖች ተራ ብረት ነበሩ። ተራ ብረትና ስቴንለስ ተነካክተው ውኃ ሲያገኙ ተራው ቶሎ ይበላል፤ ትንሽ ብሎን በሰፊ ስቴንለስ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሁሉንም በስቴንለስ ብሎን ቀየርኳቸው። ሳጥኑና ሻንሲው በሚገናኙበት ላይ ጎማ አስገባን። ስንጥቆቹን በሲሊከን ደፈንን። ሲሊከን ስትገዙ ኮምጣጤ የማይሸተውን ምረጡ፣ የሚሸተው አሲድ ይለቃል።

ላሜራ ስለመግዛት ትንሽ ልበል። ሱቅ ውስጥ ሁሉም «ስቴንለስ» ይባላል። ግን 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። 201 የሚባለው ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የገባበት ነው፤ ይረክሳል፣ ዝገትም ቶሎ ይደፍረዋል። ሰው በማግኔት ሞክሮ «አልያዘም፣ ኦሪጅናል ነው» ይላል። 201ንም 304ንም ማግኔት በደንብ አይዛቸውም፤ ስለዚህ ማግኔቱ ሁለቱን አይለይላችሁም። የሚይዘው 430 ኒኬል የለውም፣ እሱም ቢሆን እውነተኛ ስቴንለስ ነው። የሚያዋጣው ላሜራው ላይ የታተመውን ቁጥር ማየትና የፋብሪካውን የምርመራ ወረቀት መጠየቅ ነው። የእኔ ላሜራ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የመጣው። ከመጫኑ በፊት ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አስነሥቶ ማየት ይቻላል።

ያለቀ ሥራ ስትረከቡም ክፍያውን ከመጨረሳችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሳጥኑን በንጹሕ ውኃ አርጥቡት፣ ይድረቅ፣ እንደገና አርጥቡት፣ አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ቀጥሉ። የተለጠፈ ብረት ካለ ብርቱካናማ ሆኖ ራሱን ያሳያል። መወጣጫው እንደገና ሲስተካከል እኔ በዚህ መንገድ ነው የተረከብኩት። ባለሙያው ስቴንለሱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ስለቆረጠ አንድም ነጥብ አልወጣም።

አሁን ሳምንታዊው ሥራ ቀላል ነው። ሳሙና፣ ውኃ፣ ማድረቅ። ዝናብ የሚደርስበትን ጎን ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል። የማያገኘውን፣ ማለትም ከጣሪያው ከንፈር ሥርና ከበሩ እጀታ ጀርባ ያለውን፣ በእጅ እፈልገዋለሁ፤ ቆሻሻ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ዛፍ ሥር አላቆምም። የወለሉ ጥግ ላይ የተበሳው ላሜራ ግን መቀየሩ አይቀርም። ከጥምቀት በኋላ በ304 አስቀይረዋለሁ፤ ወረቀቱን እስካላየሁ ድረስ ቀብድ አልከፍልም።