ቧንቧው ሲዘጋ የማይቆመው ጋዝ

አንዲት አሮጌ የካርባይድ ፋኖስ አለችኝ። ከላይ ውኃ፣ ከታች ካርባይድ የሚይዙ ሁለት ክፍሎች አሏት፤ በመካከላቸው ያለውን መክፈቻ ጥቂት ሳዞረው ውኃው ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፣ ከአፍታ በኋላ ክብሪት ሳስጠጋላትም ነጭና የማይርገበገብ ነበልባል ይቆማል። የምትቸግረው ስትጠፋ ነው። መክፈቻውን አጥብቄ ዘግቼ እንኳ ነበልባሉ አይጠፋም፤ ያጥራል፣ ያለቀለት ይመስላል፣ ደግሞ መልሶ ቀና ይላል፣ እንዲህ እያለም ብዙ ደቂቃ ይቆያል። በአንዲት ፋኖስ ላይ ሲሆን ይህ ከጨዋታ አያልፍም። ቤት ሙሉ መብራት በሚመግብ የጋዝ ማመንጫ ላይ ሲሆን ግን ለመሐንዲሶቹ ዋነኛው ራስ ምታት ይኸው ነበር፤ ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር የአሲቲሊን (ከካርባይድ የሚወጣው ጋዝ) ማመንጫ ታሪክም፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ጋዙን ስለ ማስነሣት ሳይሆን ስለ ማስቆም የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ካልሲየም ካርባይድ ኖራና ኮክ (ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ከሰል) በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ሲዋሐዱ የሚገኝ ግራጫ፣ ድንጋይ መሰል ነገር ነው። ፍሪድሪኽ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1862 በቤተ ሙከራ ሠርቶት ነበር፤ በብዛት የመሠራቱ በር የተከፈተው ግን ቶማስ ዊልሰን በ1892 አሉሚኒየም በርካሽ የሚወጣበትን መንገድ ሲፈልግ ሳያስበው ካገኘው በኋላ ነው። ውኃ ሲነካው አሲቲሊን ጋዝ ይለቅቃል፣ የሚተርፈውም ኖራ ነው። ለሽያጭ የሚቀርበው ካርባይድ በኪሎ ግራም ወደ 300 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይሰጣል። አንድ መካከለኛ የቤት መብራት በሰዓት 14 ሊትር ያህል ስለሚያቃጥል፣ ያ አንድ ኪሎ አንዱን መብራት ለ21 ሰዓት ያህል ያበራል ማለት ነው።

ታዲያ ጋዙን አስቀድሞ አምርቶ፣ በጠርሙስ አጭቆ ማስቀመጥ ለምን አልተቻለም? አሲቲሊን ግፊትን የማይታገሥ ጋዝ ስለሆነ ነው። ከከባቢ አየር ግፊት እጥፍ በላይ ሲታመቅ፣ አየር ሳይቀላቀልበት፣ በራሱ ፈርሶ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ማመንጫው ሰው አንድ መብራት ሲያበራ ጥቂት፣ አሥር ሲያበራ ብዙ ማምረት አለበት፣ ሁሉንም አጥፍቶ ሲተኛ ደግሞ ምንም ማምረት የለበትም። «ምንም» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል።

ራስን በራስ መቆጣጠር የሚለው ሐሳብ ራሱ ከካርባይድ ይቀድማል። ዮሐን ዶበራይነር በ1823 በሠራው የእሳት መለኮሻ ውስጥ ዚንክ በአሲድ ውስጥ ሃይድሮጅን ያመነጫል፤ መዝጊያው ሲዘጋ የተጠራቀመው ጋዝ አሲዱን ወደ ታች ይገፋውና ዚንኩ ይራቆታል፣ ማመንጨቱም ያን ጊዜውኑ ይቆማል። ውበቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ስለዚህም ብዙ የማመንጫ ሠሪዎች ያንኑ ዘዴ እንዳለ ወስደው ውኃውን በጋዝ ግፊት ከካርባይዱ ለማራቅ ሞከሩ። ዳሩ ግን ካርባይድ ዚንክ አይደለም። ከአሲድ የወጣ ዚንክ ላዩ ላይ ከቀረችው እርጥበት በስተቀር ሥራውን ያቆማል፤ ከውኃ የወጣ ካርባይድ ግን ውኃውን በኖራው ውስጥ ይዞ ነው የሚወጣው።

በጣም የተለመደው አሠራር በውኃ ላይ ተደፍቶ የሚንሳፈፍ በርሜል ነበረው፤ ከቅርጹ የተነሣ ደወል ይሉታል። ጋዙ ከሥሩ እየገባ ደወሉን ያነሣዋል፣ መብራቶቹ ጋዙን ሲወስዱ ደወሉ ይወርዳል። ደወሉ ሲወርድ በጎኑ ያለው ክንድ የውኃውን ቧንቧ ይከፍትና በካርባይዱ ላይ ውኃ ይፈስሳል፤ ጋዝ ሲሞላ ደወሉ ይነሣና ቧንቧውን ይዘጋል። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። በተግባር ግን ቧንቧው ሲዘጋ ሦስት ነገሮች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በቧንቧውና በካርባይዱ መካከል የቀረው ውኃ መንጠባጠቡን አይተውም። በካርባይዱ ዙሪያ የተሠራው የኖራ ሽፋን እንደ ስፖንጅ የያዘውን እርጥበት ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ከሙቀቱ የተነሣ ወደ እንፋሎት የተለወጠው ውኃም ገና ወዳልተነካው ካርባይድ ይደርሳል። የእኔ ፋኖስ ከተዘጋች በኋላ ቀና የምትለው በዚህ ምክንያት ነው። ደወሉ ሞልቶ ሳለ ይህ ሁሉ ከመጣ ትርፉ ጋዝ መሄጃ ያጣል፤ ወይ በደወሉ ከንፈር ሥር እየተንቦጨቦጨ ወደ ክፍሉ አየር ይወጣል፣ ወይ መውጫ ቧንቧ ከተሠራለት ወደ ደጅ ይባክናል።

የባሰው ችግር ሙቀቱ ነው። 1 ኪሎ ግራም ንጹሕ ካርባይድ በውኃ ሲፈታ የሚለቅቀው ሙቀት 6 ሊትር ያህል ውኃን ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ለኬሚካዊው ለውጥ ብቻ ቢሆን ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ውኃ በቂ ነበር፤ ነገር ግን በብዙ ካርባይድ ላይ ጥቂት ውኃ ማንጠባጠብ ማለት ያን ሁሉ ሙቀት እዚያው ማፈን ማለት ነው። ከመጠን በላይ የጋለ አሲቲሊን ደግሞ አሲቲሊን ሆኖ አይቆይም፤ ወደ ቤንዚን (benzene፣ ከመኪናው ነዳጅ የተለየ) እና ወደ ሬንጅ መሰል ፈሳሾች ይለወጣል፣ እነዚህም እየሄዱ የመብራቶቹን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናሉ፣ ነበልባሉንም ጥላሸታም ያደርጉታል። መብራቱ ማጨስ ሲጀምር ሰዎች የመብራቱን አፍ ይወቅሱ ነበር፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከማመንጫው ነበር። ካርባይዱን በትናንሽ ክፍልፋዮች ከፍለው፣ ውኃው አንዱን ሙሉ በሙሉ አጥለቅልቆ ሳይጨርስ ወደ ሁለተኛው እንዳይደርስ ያደረጉ ሠሪዎች ችግሩን በእጅጉ አቃልለውታል።

እኔ የምመርጠው ግን ተቃራኒውን መንገድ ነው፦ ውኃውን ወደ ካርባይድ ሳይሆን ካርባይዱን ወደ ብዙ ውኃ መጣል። በዚህ አሠራር ደወሉ ሲወርድ ከላይ ያለው የካርባይድ ቋት ቫልቭ ተከፍቶ ጥቂት ጠጠር ይወርዳል። ጠጠሩ በኪሎ ግራም 8 ሊትርና ከዚያ በላይ በሆነ ውኃ ውስጥ ስለሚሰጥም ሙቀቱን ውኃው ይወስደዋል፣ ጋዙም በውኃው ውስጥ ሲያልፍ እየታጠበ ይወጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመቆሙ ነገር ነው፤ ቫልቩ ከተዘጋ በኋላ ሊመጣ የሚችለው ጋዝ አስቀድሞ ከወደቀው ጠጠር የሚገኘው ብቻ ነው፣ ያም ሊሰላ የሚችል መጠን ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር የመነሻ ከፍታ ያለው ደወል ወደ 63 ሊትር ይይዛል። ቫልቩ በአንድ ጊዜ 100 ግራም የሚጥል ቢሆን የሚመጣው 30 ሊትር ያህል ጋዝ ነው፣ ደወሉንም 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ያነሣዋል። ስለዚህ ቫልቩ ደወሉ ግማሽ ሳይደርስ እንዲዘጋ ከተደረገ፣ በዚያች ቅጽበት ሁሉም መብራት ቢጠፋ እንኳ ትርፉ ቦታ አለው። ግፊቱም እንዲሁ በቀላሉ ይገኛል፤ ለመብራቶቹ የሚስማማው 80 ሚሊ ሜትር የውኃ ከፍታ ያህል ግፊት ስለሆነ፣ ለዚህ ስፋት የደወሉ ክብደት ከተጫነበት ጋር 10 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ይህ አደገኛ ከተባለው ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው።

ይህም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ከውኃው የሚነሣው እርጥበት ወደ ቋቱ አፍ እየወጣ የካርባይዱን ብናኝ ያጋግረዋል፤ የተጋገረው ብናኝ ቫልቩ እንዳይገጥም ሲያደርገው ደወሉ የቱንም ያህል ቢነሣ ጠጠሩ መውረዱን ላያቆም ይችላል። ጠጠሩ እኩል ተሰባብሮና ተነፍቶ የሚቀርበው ለዚህ ነው። ከታች የሚጠራቀመው የኖራ አተላ በየጊዜው ካልተጠረገ ደግሞ አዲሱ ጠጠር ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይግላል።

አተላው ሲጠረግና ቋቱ ሲሞላ አየር ይገባል፤ አሲቲሊን ደግሞ በአየር ውስጥ ከ2.5 እስከ 80 በመቶ ገደማ በሆነ ሰፊ መጠን ሁሉ ፈንጂ ነው። ስለዚህ ማመንጫው ከመኖሪያ ቤት ተነጥሎ ይተከላል፣ መሙላቱ በቀን ብርሃን ይከናወናል፣ የመጀመሪያው ጋዝም ወደ ደጅ ይለቀቃል። የጋዙ መንገድ ንጹሕ መዳብ አይነካውም፤ መዳብና አሲቲሊን ሲገናኙ የሚፈጠረው ውሁድ ደርቆ ሲነካካ ይፈነዳል። የካርባይድ ጋዝ የሚታወቅበት ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ከራሱ ከአሲቲሊን ሳይሆን እንደ ፎስፊን ካሉ ቆሻሻዎች የሚመጣ ነው፤ ማጣሪያ ያስወግደዋል፣ እኔ ግን ጋዙ ማፈትለኩን የሚናገር ሽታ ጨርሶ ባይጠፋ እወዳለሁ።

የመቆሙን ችግር ከሥሩ የነቀሉት ማመንጫ ሠሪዎች አይደሉም። ዦርዥ ክሎድና አልቤር ኤስ በ1896 አሲቲሊን አሴቶን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ በብዛት እንደሚሟሟ አሳዩ፤ የስዊድኑ ጉስታፍ ዳሌን ደግሞ አሴቶኑን የሚመጥ ቀዳዳማ ሙሌት ሠርቶ ጋዙ ያለ ስጋት በጠርሙስ እንዲጓጓዝ አደረገ። በ1907 የፈለሰፈው የፀሐይ ቫልቭ ብርሃን የሚመጥጥ ጥቁር ዘንግ ሲሞቅ ከተወለወሉት ዘንጎች ይበልጥ በመርዘሙ ለመርከቦች መንገድ የሚያመለክቱትን የባሕር መብራቶች ጋዝ ቀን ላይ ይዘጋል፣ ሲመሽ ይከፍታል። እዚህ ላይ ቫልቭ ሲዘጋ በእርግጥ ተዘጋ፤ ከጀርባው የሚፈላ ካርባይድ የለምና። ዳሌን በ1912 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ያገኘው ለእነዚህ ራስ ሰር መቆጣጠሪያዎች ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በአሲቲሊን ሙከራ ላይ በደረሰ ፍንዳታ የዓይኑን ብርሃን አጥቷል።

ፋኖሴን ትናንት ተዘግታ ካደረች በኋላ ደጅ አውጥቼ የታችኛውን ክፍል ፈታሁት። ላዩ ደረቅ ነጭ ዱቄት ነበር፣ የሞተ ይመስላል። በዱቄቱ ውስጥ የአተር ፍሬ የምታህል ግራጫ ጠጠር አገኘሁና በባልዲ ውኃ ውስጥ ጣልኳት፤ ወዲያው ትንሽ ትንሽ አረፋ እየተፋች መፍላት ጀመረች።