ቀይ ቀበሮ ላጠና ሄጄ ከፎርም ጋር የተጣላሁት

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት መንዝ ጓሳ (ሰሜን ሸዋ ያለው፣ ሕዝቡ የሚጠብቀው ደጋማ የሳር ምድር) ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህን አንብቡና ሂዱ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም።

ጥያቄዬ ሲያዩት ቀላል ነው። ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳ ደጃቸው ላይ ያለ ሰዎች፣ እንስሳው መኖር አለበት ይላሉ? የሚሉ ከሆነስ ለምን? ስለሚጠቅማቸው ነው? ፈጣሪ ስለፈጠረው? ወይስ እኛ የከተማ ሰዎች ስንጠይቃቸው ደስ እንዲለን ብለው ነው?

እንስሳው ቀይ ቀበሮ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ጎልማሶቹ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ ባሌ ነው ያሉት። የቀሩት አርሲ፣ ስሜን፣ ወሎና መንዝ ከፍታዎች ላይ ተበታትነዋል። ጎጃም ቾቄ ተራራ ላይ ጠፍቷል። ጎሽ ሜዳ ላይም ጠፍቷል፤ እሱ ደግሞ እዚያው ሰሜን ሸዋ ነው።

ዝግጅቱን በአጭሩ ልለፈው። ፕሮፖዛል ጻፍኩ፣ አማካሪዬ አጸደቀው። የድጋፍ ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ተነስቶ በክልል፣ በዞንና በወረዳ አድርጎ ቀበሌ ደረሰ። በየቢሮው "ነገ ተመለስ" አለ፤ እሱ የሚጠበቅ ነው። ደብዳቤውን በብዛት ኮፒ አድርጉ፣ ዋናውን ለማንም አትስጡ። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው መኪና ጓሳ ላይ ያወርዳችኋል። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጃኬታችሁን አትመኑት፣ የመንዝ ባና ግዙ።

አሁን ወደ ፎርሙ።

የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያለ ስምምነት ቅጽ መረጃ መሰብሰብ አይቻልም አለኝ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ሰው ሳይፈቅድ አይጠናም። ቅጹ ግን በጠባብ ፊደል የተሞላ፣ "ተሳታፊው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ከጥናቱ ራሱን የማግለል መብቱ የተጠበቀ ሲሆን" በሚል አማርኛ የተጻፈ፣ ከታች ፊርማ፣ ከጎኑ ክብ ማኅተም ያለበት ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ አዛውንት ቤት ነበር። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የጓሳ ሳር ጭናቸው ላይ እያሹ ገመድ ይገምዳሉ። ስለ ቀበሮው ሳነሳ ጨዋታው ደራ። ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ እንዴት አድብቶ እንደሚጠብቅ በእጃቸው ጭምር አሳዩኝ። ከዚያ ቅጹን አወጣሁ። እጃቸው ገመዱ ላይ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ፈቃድዎን የሚገልጽ ወረቀት ነው፣ አባባ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኛል።"

"ማኅተም አለው።"

"አዎ፣ የዩኒቨርሲቲው ነው።"

"እንግዲያ ልጄ፣ ቡና ጠጣና ሂድ።"

ቡናውን ጠጣሁ። በማግስቱ መንደሩ ውስጥ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል፦ ጓሳን ለባለሀብት ሊሰጡት ፊርማ የሚያሰባስብ ልጅ መጥቷል። እረኞች እንኳ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ጀመር።

ሰዉ ተሳስቷል ለማለት የቦታውን ታሪክ አለማወቅ ነው። ጓሳን መንዞች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል (የወጣቶቹን ቄሮ ማለቴ አይደለም)። የአስቦና የጌራ (የመንዝ ሁለቱ ነባር ባለርስት ወገኖች) ተወላጆች አለቃ መርጠው፣ ሳሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጉታል። ሲከፈት በደንቡ መሠረት ይታጨዳል፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድና ገሳ (የዝናብ መከላከያ ልብስ) ይሠራበታል። ቀበሮውም የኖረው ይህ ሳር በመጠበቁ ነው፤ ሳር ካለ አይጥ አለ፣ አይጥ ካለ ቀበሮ አለ። የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮ ፈረሰ፣ ጓሳም ለሁሉም ክፍት ሆነ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው። እንግዲህ ማኅተም ያለው ወረቀት ይዞ "ፈርሙ" የሚል እንግዳ ሲመጣ ምን ይበሉ?

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጋ ደወልኩ። በቃል ስምምነት እንዲተካልኝ ጠየቅኩ። "ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው።" ሌላ ቀን ደወልኩ። "ፎርማቱ ይሄ ነው፣ የማይፈርም ከናሙና ይወጣል።" ይህን መልስ እስከ ዛሬ ሳስበው ያቃጥለኛል። የማይፈርመው ከወጣ የሚቀሩኝ እኮ የቀበሌ ሠራተኞችና ዘመዶቻቸው ናቸው! ሰውን ይጠብቃል የተባለ ወረቀት ሰውን እያስፈራ፣ ጥናቱንም እያበላሸ ነው። አዲስ አበባ ተመልሼ፣ ቢሮ ለቢሮ ተንከራትቼ፣ በመጨረሻ በምስክር ፊት የሚሰጥ የቃል ስምምነት ተፈቀደልኝ። የፈቀደውም ኮሚቴው ሆኖ አይደለም። አንድ ነባር መምህር "አቅርበው፣ እኔ እከራከርለታለሁ" ብለው ነው።

ስመለስ ያዳነኝ የእድሩ ዳኛ ነው። "ቤት ለቤት አትዙር፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተነስተህ ለሁሉም ተናገር" አለኝ። ተናገርኩ። ከእኔ ይልቅ እነሱ ጠየቁኝ። ማን ላከህ? ማን ይከፍልሃል? ጽፈህ ለማን ትሰጣለህ? ከኮሚቴው ቅጽ የተሻለ ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ መልሱ ጎረፈ። "በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ" የሚለውን መጠይቅ ግን ተዉት፤ አማካሪዎቻችሁ ይወዱታል፣ እንግዳ አክባሪ ሰው ግን ሁሉንም "በጣም እስማማለሁ" ይላችኋል። እኔ ከእረኛ ጋር እየሄድኩ፣ ባለፈው ክረምት የጠፋ በግ አለ ወይ ከሚለው ጀመርኩ። አንዷ እናት ያሉኝ ከመጽሐፎቼ ሁሉ በላይ ረድቶኛል፦ "የምትመጡ ሁሉ ስለ ቀበሮው ትጠይቃላችሁ። ስለ ግልገሌ የጠየቀኝ አንተ ነህ።" ቀበሮው ይጥፋ አላሉም። ዋጋውን እኔ ብቻ ለምን እከፍላለሁ ነው ያሉት።

የባሰ የሚያጨቃጭቀው የውሻ ነገር ነው። ቀይ ቀበሮን በጅምላ የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ነው። በፈረንጆቹ 2003 ባሌ ዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ የሸለቆውን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ጨርሷል። መነሻው የመንደር ውሻ ነው። ውሻ ይገደል የሚል ባለሙያ አዲስ አበባ ላይ ገጥሞኛል። መንዝ ላይ ያንን ብትሉ ማታ ጅብ ሲመጣ በጎቹን አንተ ትጠብቃለህ ወይ ትባላላችሁ። ክትባት ይዛችሁ ብትመጡ ግን ውሻውን ራሳቸው አስረው ያቀርቡላችኋል። የሥነ ምግባር ክርክሩ እዚያ ጋ በግማሽ ያልቃል፤ የቀረው የበጀት ነገር ነው።

መመረቂያ ጽሑፌን ስከላከል አንዱ ፈታኝ "ፊርማዎቹ የታሉ?" አለኝ። ይህን ያህል ጠብቄ ስለነበር መልሱ አፌ ላይ ነበር። አለፍኩ።

የመጨረሻ ምክሬ፦ ውጤቱን በአማርኛ አሳጥራችሁ መልሳችሁ ውሰዱላቸው። ዩኒቨርሲቲው አይጠይቃችሁም፣ የትራንስፖርትም አይከፍልም። እኔ ወስጄ እድሩ ላይ አነበብኩላቸው። ስለ ሳር አጨዳው የጻፍኩት ላይ ስደርስ ሦስት ሰዎች ተነስተው ተሟገቱኝ። የአስቦና የጌራ ድርሻ እንደዚያ አይደለም ብለው፣ እስክሪብቶ ተቀብለውኝ እዚያው አረሙት።