ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለወፎች ቀለበት ያሰርንበት ጠዋት

መረብ የሚዘረጋው ሳይነጋ ነው። መጋቢት ላይ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች በጥቁር ውሃ በኩል ባለው ረግረግ ጉዟቸውን ለመከታተል ለወፎች እግራቸው ላይ ቀለበት ሲያስሩ ላግዛቸው ሄድኩ። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፊላው መሃል እንጨቶቹን ተከልን። መረቡ በጣም ቀጭን ጥቁር ክር ነው። ከጀርባው ፊላ ካለ ዓይን አያየውም። ወፏ በርራ ትመጣና ክሩ የሠራው ኪስ ውስጥ ዘፍ ትላለች።

ሁላችንም ሐዋሳ ላይ ከወፍ ጋር ነው ያደግነው። አሞራ ገደል የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች የማያውቅ የለም። ግን ወፍን ማየትና እጅ ላይ መያዝ ለየቅል ናቸው።

መረቡን በየሃያ ደቂቃው እየዞርን እናያለን። ወፍ እዚያ ላይ ስትቆይ ትደክማለች፣ ፀሐይም ይጎዳታል። ለማውጣት መጀመሪያ በየትኛው በኩል እንደገባች መለየት ነው። ከዚያ በዚያው በኩል እግሯ ይፈታል፣ ቀጥሎ ክንፏ፣ ከዚያ ጭንቅላቷ። ሸማኔ ወፎች ክሩን በጥፍራቸው ጨምድደው ይይዛሉ፣ ጣትም ይነክሳሉ። ቻል ማድረግ ነው።

አያያዙን ያሳዩኝ ብዙ ዓመት የሠሩ ጋሼ ናቸው። «አንገቷን በሌባ ጣትህና በመሃል ጣትህ መሃል አድርግ፤ ጀርባዋ መዳፍህ ላይ ይረፍ» አሉኝ። «ደረቷን ግን እንዳትጫን። ወፍ የምትተነፍሰው ደረቷን እያንቀሳቀሰች ነው። እሱን ከያዝክባት ታፈነች ማለት ነው።» ይህን የማያውቅ ሰው ወፏን እንዳታመልጠው ብሎ ጠበቅ ያደርጋታል፤ የሚገድላትም ያ ነው።

የእኔ ዋና ሥራ መዝገብ መያዝ ነበር። ቀለበቱ ቀላል አልሙኒየም ነው፤ ቁጥርና አድራሻ ተቀርጾበታል። ጋሼ ቁጥሩን ያነቡልኛል፣ እኔ እጽፍና መልሼ አነብላቸዋለሁ። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ የአንዷ ወፍ ታሪክ ለሌላዋ ይሰጣል። አድራሻ ያለበትን የአልሙኒየም ቀለበት በ1899 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ነው። ዛሬም አሠራሩ ያው ነው።

ከሁሉም ልቤን የነካችው ሴጅ ዋርብለር የምትባለዋ ቡናማ ወፍ ናት። ከዓይኗ በላይ ነጣ ያለ መስመር አላት። ክረምቱን አውሮፓና ምዕራብ እስያ ትፈለፍላለች፣ ብርዱ ሲመጣ ወደ እኛ ትወርዳለች። ጋሼ ጉሮሮዋ ሥር ያለውን ላባ እፍ ብለው ገለጥ አደረጉት። ስስ ቆዳዋ ሥር፣ ጎድጎድ ያለችው ቦታ ላይ፣ ቢጫ ስብ ሞልቶ ይታያል። ስንቋ ነው! በሌላ ጊዜ አስር፣ አስራ ሁለት ግራም የምትመዝነው ይህቺ ወፍ ለመንገድ ስትዘጋጅ ክብደቷ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በረሃውን የምትሻገረው ከዚሁ ከፊላችን ነፍሳት ለቅማ ባጠራቀመችው ነው። ረግረጉን ለማረስ ወይም አፈር ለመድፋት ስንነሳ ይህን ማሰብ አለብን።

አራት ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ በረታ። ወፎች ገና እየመጡ ነበር፣ ጋሼ ግን መረቡ ይዘጋ አሉ። እኔም እስማማለሁ። ለመዝገቡ ቁጥር ሲባል አንዲት ወፍ እንኳ መጎዳት የለባትም።

ስንጠቀልል አንድ ዓሣ አጥማጅ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ቀለበት ያላት ወፍ ሞታ ባገኝ ምን ላድርግ?» አለኝ። ጋሼ የነገሩንን ለእናንተም ልንገራችሁ። ቀለበቱን አትጣሉት። ጽሑፉ ሁሉ እንዲታይ አዙራችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፣ ቀለበቱ ላይ ወዳለው አድራሻም ላኩ። ወፏ በሕይወት ካለች ቁጥሩን ብቻ አንብቡና ከነቀለበቷ ልቀቋት።