ፀሐይ ስትወጣ የሚድን ኢንተርኔት

ቴክኒሻን መጥቶ «ተስተካክሏል፣ እዚህ ጋ ፈርም» ሲላችሁ ውጭው ፀሐይ ከሆነ አትፈርሙ። ይህን በ2016 ሰኔ ላይ የነገረኝ ሰው ቢኖር ሁለት ወር ሙሉ ባልተቃጠልኩ ነበር።

ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው፤ ከጣና ሐይቅ ብዙ አይርቅም። ሥራዬ የሕንፃ ፕላን መሥራት ሲሆን ስዕሉን አዲስ አበባ ላለ ቢሮ በኢንተርኔት እልካለሁ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲዘጋ እንጀራዬም አብሮ ሊዘጋ ነበር። ላፕቶፕ ተሸክሜ ዋይፋይ ወዳለበት ሆቴል መመላለስ ጀመርኩ። በአንድ ማኪያቶ አራት ሰዓት እቀመጣለሁ። አስተናጋጆቹ መጀመሪያ ፈገግ ይሉልኝ ነበር፤ በኋላ ጠረጴዛዬን በየአሥር ደቂቃው ይወለውሉ ጀመር። ገባኝ። የቤት መስመር ለማስገባት ተመዘገብኩ። መታወቂያ፣ ቅጽ፣ ክፍያ፣ ወረፋ፤ እዚህ ላይ የማማርረው ነገር የለም። ፋይበር ለሰፈራችሁ ገና ነው ስላሉኝ በመዳቡ የስልክ ገመድ፣ ኤዲኤስኤል በሚሉት፣ ገባልኝ። ኅዳር ነበር።

ከኅዳር እስከ ግንቦት አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረኝም። እንዲያውም ሰው ስለ ኢንተርኔት ሲያማርር «የእኔ አንደኛ ነው» እያልኩ እጎርር ነበር። በጋ መሆኑ ትዝ አላለኝም።

ሰኔ ገባ። ዲኤስኤል የሚለው የሞደሙ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ጠፍቶ ሁለት ደቂቃ ይቆይና ይመለሳል። ሐምሌ ላይ በአንድ ማታ አሥራ አምስት ጊዜ የጠፋበት ቀን አለ። ፋይሉ ዘጠና ከመቶ ሲደርስ ቁርጥ ይላል፤ እንደገና ከዜሮ።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ጠረጠርኩና ስታብላይዘር ገዛሁ። ከዚያ ሞደሙን ጠርጥሬ ሌላ ገዛሁ። ሁለቱም ምንም አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ጥፋት እንግዲህ የራሴ ነው። ሳያጣሩ መግዛት።

የቴሌ ጥሪ ማዕከል ጋ ስደውል መልሱ የታወቀ ነው፦ «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት።» አጠፋሁ፣ አበራሁ። ስንት ጊዜ እንዳደረግኩት እግዜር ይቁጠረው። አሁን ብትጠይቁኝ፣ ምክራቸውን አትስሙ እላለሁ። ሞደሙ መስመሩ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠና ስንት ስህተት እንደቆጠረ ውስጡ ይመዘግባል። ስታጠፉት ያ ሁሉ ይሰረዛል። ማስረጃችሁን በገዛ እጃችሁ አጠባችሁት ማለት ነው። እኔ አንድ ወር ሙሉ ሳጥብ ኖሬያለሁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

የመጀመሪያው ቴክኒሻን ብልሽቱን ባስመዘገብኩ በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ማታ የዘነበው ዝናብ ደርቆ ፀሐይዋ ግድግዳውን ታበራለች። መለኪያውን ሰካ፣ አየ፣ ነቀለ። «ወንድሜ፣ መስመርህ ንጹሕ ነው። ሞደምህን አሳየው» አለኝ። አዲሱ ሞደም እኮ ከነካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር! ወረቀቱን አቀረበልኝ፣ ፈረምኩ። ሰውየው ትሑት ነው፣ ምን ብዬ አልፈርምም? የዚያኑ ዕለት ማታ ዶፍ ወረደ፤ ኢንተርኔቱም ሄደ።

በማግስቱ ደወልኩ። «ቀደም ሲል ያስመዘገቡት ተዘግቷል፤ አዲስ እንመዝግብልዎት» አሉኝ። አዲስ ቁጥር፣ ከወረፋው ጅራት። ሁለተኛው ሰው መጣ፤ እሱም ጠዋት፣ እሱም በፀሐይ። ፊልተሩን ቀየረልኝ። ለነገሩ ፊልተር መጠርጠሩ ክፋት የለውም። ስልኩና ኢንተርኔቱ የሚሄዱት በአንድ ገመድ ነው፤ ድምፁ ከታች ባለው ድግግሞሽ፣ ኢንተርኔቱ ከላይ። የሚለያቸው ፊልተሩ ስለሆነ እሱ ከተበላሸ ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔት ሊጠፋ ይችላል። የእኔ ግን ያ አልነበረም። ፈረምኩ። ማታ ዘነበ።

ሦስተኛው ጭራሽ አልመጣም። ደወለ። «አሁን ይሠራል?»

«አሁን አዎ፣ ግን ማታ ማታ...»

ስልኩ ተዘጋ። መዝገቡም ተዘጋ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ያቺ «አዎ» ናት። ሁለት ፊደል ሁለት ሳምንት አስከፈለችኝ።

ቴሌ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየች፤ «ሲስተሙ ላይ መስመርህ ይሠራል» አለች። «እኔ ጋ ግን አይሠራም» አልኳት። «ሲስተሙ ላይ ይሠራል።» ጮህኩባት። ጥበቃው መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገና «ቀስ በል ወንድሜ» አለኝ። አፍሬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ በዚያ በር ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ። ልጅቷ ምን ታድርግ? የምታየው ሲስተሙ ያሳያትን ነው። ሲስተሙን እንዲህ አድርጎ የሠራውን ግን አልምረውም።

ነገሩን የፈቱልኝ ጎረቤቴ እማማ ናቸው። እሑድ ቡና ጠርተውኝ ብሶቴን ሳወራ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣

«የኔም ስልክ እኮ ክረምት ሲገባ እንደ ቆሎ ይንጣጣል። ሦስት ዓመቱ። መስከረም ሲጠባ ይድናል» አሉኝ።

«ታዲያ አላመለከቱም?»

«ለማን ልጄ? ሲመጡ ደርቆ ነው የሚያገኙት።»

ክው አልኩ። እኔ ሁለት ዕቃ ገዝቼ፣ ሦስት ጊዜ አስመዝግቤ ያላገኘሁትን እሳቸው ጀበና ሥር ቁጭ ብለው ያውቁታል። እዚህ ክረምት ላይ ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ቴክኒሻን የሚመጣው ጠዋት ነው። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም።

የዚያኑ ዕለት የቤት ስልኩን አነሳሁ። ኢንተርኔት ስላለኝ ረስቼው አቧራ ለብሶ ነበር። ካፊያው እንደጀመረ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፤ ቆሎው ተቆላ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ስልካችሁ የሚንጣጣ ከሆነ ስታስመዘግቡ «ኢንተርኔቴ ዘገየ» አትበሉ። «ስልኬ ይንጫጫል» በሉ። ለመጀመሪያው መልሱ «አጥፍተው ያብሩት» ነው። ለሁለተኛው ገመድ የሚያይ ሰው ይልካሉ፤ ቢያንስ እኔን እንደዚያ ገጥሞኛል።

ከዚያ ደብተር ገዛሁ። ሞደሙን ሳላጠፋ በኮምፒውተሩ ላይ 192.168.1.1 ብዬ ገባሁና የመስመሩን ሁኔታ የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩ። የምትፈልጉት SNR Margin የሚለውን ቁጥር ነው፤ መስመሩ ረብሻን ለመቋቋም ምን ያህል ትርፍ አቅም እንዳለው ያሳያል፤ በዲሲቤል ይለካል። ከ6 በታች ከወረደ መስመሩ ይንገዳገዳል። ከ10 በላይ ከሆነ ደህና ነው። የእኔ በፀሐይ 12፣ በዝናብ 3። ለ11 ቀን ሰዓቱን፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ ቁጥሩን ጻፍኩ። ገጹን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ።

ደብተሩን ይዤ መስኮቱ ጋ አልሄድኩም። በጓሮ፣ መሰላል የጫኑት መኪኖች የሚቆሙበት ጋ ሄጄ የጥገናውን ኃላፊ ጠየቅኩ። ሰውየው ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «ይሄ ውኃ ነው። ሲዘንብ ደውልልኝ» ብሎ ቁጥሩን ሰጠኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። እዚህ ሰው ጋ ለመድረስ ሁለት ወር!

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ልጆች የዝናብ ልብስ ለብሰው መጡ። ምሰሶው ላይ ያለውን ሳጥን ከፈቱ፤ ደረቅ ነው። ልቤ ወረደ። ገመዱን ተከትለው ወደ ላይ ሄዱ። ቀደም ሲል መንገድ ሲቆፈር ገመዱ ተበጥሶ ኖሯል። የበጠሰው አካል ወይም ከኋላው የመጣ ሰው በእጁ ጠምዝዞ ቀጥሎ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ፣ በፕላስተር አስሮታል። ልጁ ፌስታሉን ሲቀደው ውኃ ተንዶለዶለ። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። የዛገውን ቆርጠው ውስጡ ቅባት ባለው ማያያዣ ቀጠሉት። ሃያ አምስት ደቂቃ።

ወረቀቱ መጣ። «ፈርምልን።»

«ዶፍ ይውረድ» አልኩ።

«እየዘነበ እኮ ነው!»

«ይሄማ ካፊያ ነው።»

ሳቁ። እማማ በረንዳ ላይ ሆነው ሰምተው ኖሮ ቡና አቀረቡ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ቤት ገብቼ ገጹን አየሁ፤ 13። እማማም ስልካቸውን አንስተው ጆሯቸው ላይ ያዙት፤ ምንም አላሉም፣ ለእኔ አቀበሉኝ። ጭጭ ያለ ነው። ፈረምኩ።

ላልሠራባቸው ሁለት ወራት የከፈልኩት እንዲመለስልኝ ከደብተሩ ኮፒ ጋር አመልክቻለሁ። የተሰጠኝ መልስ «ሲስተሙ ላይ መስመርዎ ሲሠራ ነበር» የሚል ነው።