ከስር ያለችው

ዛሬ ሁሉ ነገር ከብዶኛል። ለምን እንዳትሉኝ፤ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ። የወጣሁት ለእሷ ልደውልላት ነው። ቤት ሆኜ አፌ ላይ የማይመጣው ወሬ መንገድ ላይ ይቀለኝ ይሆናል ብዬ።

ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ስወርድ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ድንጋይ የሚነቅሉ ልጆች አገኘሁ። አንዱ ድጅኖውን ከድንጋዩ ስር ሰደደና ተጫነው። ንቅንቅ የለም። ጓደኛው ጡብ የምታክል ድንጋይ በእግሩ እየገፋ አምጥቶ ከድጅኖው ስር አስጠጋለት። ትንሿ ድንጋይ ጭቃው ውስጥ ስጥም አለች። ተሳሳቁ። አወጧትና ቁራጭ ጣውላ አነጠፉላት። እንደገና ተጫነው። ያ ግትር ድንጋይ ብድግ!

ስልኬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ፊዚክስ ክፍል ፉልክረም ያሉን ይቺን ከድጅኖው ስር ያለችውን ድጋፍ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ሣለ፣ ከላዩ መስመር አሰመረ፣ በቃ። ስሙ ከአልጋ እንደመጣ ማን ነገረን?

አዎ፣ ከአልጋ። በላቲን ፉልኪሬ መደገፍ ነው። ፉልክሩም ደግሞ የአልጋ እግር፣ በተለይም የሮማ ሀብታሞች ጋደም ብለው ግብር የሚበሉበት አልጋ የራስጌ መደገፊያ። ከነሐስ ያሠሩትና የበቅሎ ራስ ያስቀርጹበት ነበር። እንግሊዞች ቃሉን ለመፈንቀያ ድጋፍ የወሰዱት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ግሪኮቹ ጌጥም ተድላም አላሻቸውም፤ ሂፖሞክሊዮን ብለውታል። ከመፈንቀያው ስር ያለ፣ አለቀ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሲኒ ስናነሳ ክንዳችን መፈንቀያ ነው፣ ድጋፉም ክርናችን። እንግዲህ ሮማዊው ጌታ ፉልክረሙን ፉልክረም ላይ አሳርፎ ነበር ወይኑን የሚጠጣው።

ካፌ ገባሁ። ማኪያቶ አዘዝኩና ናፕኪን ላይ ሒሳብ ጀመርኩ። ድጅኖው 1.5 ሜትር ይሁን። ድጋፏ ከድንጋዩ በኩል 15 ሳንቲሜትር ላይ፣ ከልጁ በኩል 135 ሳንቲሜትር ላይ ትሁን። 9 እጥፍ። ጫፉ ላይ 180 ኪሎ ቢያርፍ ልጁ በ20 ኪሎ ጉልበት ይመክተዋል። ጎበዝ እንላለን፣ ልጁን። እሷስ? 180ውም 20ውም እሷ ላይ ነው። የብረቱን ክብደት ትተን 200 ኪሎ! ከሚነሳው ድንጋይ በላይ የተሸከመችው እሷ፣ ከቦታዋ ያልተነቃነቀችውም እሷ። ሲጨርሱ በእግራቸው ገፋ አድርገዋት ወደ ቀጣዩ ሄዱ።

እኛ ቤት ይቺ ማን እንደሆነች መቼም አይጠፋችሁም። አባባ በዚህ ሲከብድ፣ ወንድሜ በዚያ ሲጫን፣ መሃል ሆና "ኧረ እኔ ደህና ነኝ" የምትለው። ጣውላ ያነጠፈላት ሰው ትዝ አይለኝም። እኔማ ዳር ቆሜ "በርቱ!" የምለው ነኝ። በየሥራው ቦታ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው።

የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ አርኪሜዲስም ቢሆን ያው ነው። "መቆሚያ ስጡኝ፣ ምድርን አነቃንቃታለሁ" ማለቱን ጽፎ ያቆየልን የእስክንድርያው የሒሳብ ሊቅ ጳፑስ ነው። ልብ በሉ፣ የጠየቀው ለራሱ እግር ነው። ስለ ድጋፏ አንዲት ቃል የለም! ምድርን የሚያህል ሸክም ሲመጣባት እሷስ ምን ላይ ልትቆም ነው? እዚያ ላይ ማን ጣውላ ያነጥፍላታል?

ይህንንም ናፕኪኑ ላይ ልጽፍ ስል ቦታ አለቀብኝ። አስተናጋጇ መጣች። ናፕኪኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"ሌላ ላምጣልዎት?"

አንቱ! ከመቼ ጀምሮ ነው?